ኔክታሪኔ አላብብ አለችኝ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። አራት ኪሎ፣ አጥራችን ጥግ የተከልኳት ኔክታሪን አሳስባኛለች። ኔክታሪን ያው ኮክ ነው፤ ቆዳው ግን ፀጉር የለውም። በኮክ ግንድ ላይ የተዳቀለች ናት፤ ከተተከለች አራተኛ ዓመቷ ነው። ቅጠሏ ሲያዩት ያምራል፤ አበባ ግን ሦስት አራት ብቻ፣ እሱም ይረግፋል። ትናንት አንዱን እንቡጥ በጥፍሬ ሰንጥቄ አየሁት፤ ውስጡ ቡናማ ሆኖ ደርቋል። አጠገቧ ያለው የእናቴ አሮጌ ኮክ ደግሞ በየዓመቱ ሮዝ ለብሶ ያፈራል። አንጀቴ ያረረው በዚህ ነው።

ስትገዛ የታሰረባት ወረቀት «ፋንታዚያ» ይላል። ይህ ዝርያ እንቡጡ እንዲነቃ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች 500 ሰዓት ያህል ብርድ ይፈልጋል። እኛ ጋ ኅዳር ሌሊቱ ቢበርድም ፀሐይ ስትወጣ ወዲያው ይሞቃል። «ፓናሚንት» ለሚባለው ዝርያ ግን 250 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

ነቅዬ ልጣላት አልቻልኩም። ቅርንጫፏ ላይ የሌላ ዝርያ ቀንበጥ ባዳቅልባት ይይዛል? ወይስ በእናቴ ኮክ ላይ ይሻላል? በየትኛው ወር? አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ብርድ የማይፈልግ ኔክታሪን አፍርቶላችሁ የሚያውቅ ካለ፣ ዝርያውንና ችግኙን ከየት እንዳገኛችሁት ንገሩኝ። ቅጠሏ መርገፍ ጀምሯል፤ ጊዜው እንዳያልፍብኝ ፈርቻለሁ።