የአያቴ ዳዊትና የደብዳቤ ክምር፦ ምን ላድርጋቸው?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ወገኖች። አያቴ ዕድሜ ልካቸውን ጥንታዊ መጻሕፍት ሲሰበስቡ ኖረው ዐረፉ። የተዉልን አንድ ሳጥን የድሮ ኅትመት፣ ማኅደሩ የተቀደደ የብራና ዳዊትና በሲባጎ የታሰረ የደብዳቤ ክምር ነው። ከመጽሐፍ ሻጮችና ከሌሎች ሰብሳቢዎች ጋር የተጻጻፉት ነው። እናቴ «ብል ከሚያራባ ይቃጠል» ትላለች። አንድ ሰውዬ ደግሞ ዳዊቱን ብቻ ልግዛ እያለ ይመላለሳል።

አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ (አዲስ አበባ)፦ ኧረ በእናትህ እንዳይቃጠል! መጽሐፉ ከማን፣ መቼ፣ በስንት እንደተገዛ የሚናገረው ደብዳቤው ነው። ቅደም ተከተሉን አታፋልስ። የቱ ደብዳቤ ስለ የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ቴምብሩን ቆርጠህ ስጠኝ የሚል ይመጣል፣ እንዳትሰማው፤ የፖስታ ቤቱ ማኅተም ቀን አለበት። ከውጭ የመጣው ደብዳቤ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሆን የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት አስብ። ከኅትመቶቹ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከ1914 በፊት የታተመ ካለ ለብቻው አስቀምጠው። ያኔ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ገና አልተቋቋመም፤ እንዲህ ያለው እንደልብ አይገኝም።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦ ስኮች አትለጥፍ፣ ፌስታል ውስጥ አታፍን፣ ፀሐይ ላይ አታስጣ። ብራና እርጥበት ሲነካው ይጨማደዳል፤ የጎጃም ክረምት ደግሞ ይታወቃል። ሳጥኑን ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ምስጡን አትመነው።

መሪጌታ (ደብረ ኤልያስ)፦ ልጄ፣ ከሁሉ በፊት የዳዊቱን የመጀመሪያና የመጨረሻ ቅጠሎች እይ። «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይኩን» የሚል ካለ፣ አጠገቡ የደብሩን ስም ፈልግ። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ነው ማለት ነው። አያትህ በቅን ልብ ገዝተውት ይሆናል፤ ሻጩ ግን ከየት አመጣው?

ሕግ አዋቂ፦ በ1992 የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ዞኑ ባህልና ቱሪዝም ሄደህ አስመዝግበው። «ደረሰኝ አያስፈልግም» ከሚል ገዢ ራቅ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። መሪጌታ፣ አየሁት። መጨረሻው ቅጠል ላይ ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ገብቶበታል።

መሪጌታ፦ በመስኮት ብርሃን አጋድመህ እየው፣ የተፋቀው ጥላው ይቀራል። ፎቶ አንሣና ለሀገረ ስብከቱ አሳይ። ደብዳቤዎቹንም ይዘህ ሂድ። ሰውዬውን እስከዚያ «ቆይ» በለው።