ኪቦርዴ ሁለት ድምፅ ያወጣል፤ ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ፣ ድረሱልኝ

ባለ ኪቦርዱ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ሰርግ አለብኝ፤ ልምምዱ ደግሞ ዛሬ ማታ ነው። የማሲንቆና የዋሽንት ድምፅ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ከሚባለው የሙዚቃ ፕሮግራም ለማውጣት ኪቦርዱን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁት። አንድ ቁልፍ ስጫን ግን ሁለት ድምፅ ይመጣል። ፒያኖው ይቀድማል፣ ማሲንቆው ቆይቶ ይከተላል። ፈጠን ያለ ዘፈን ላይ እጄና ጆሮዬ ተጣሉ፤ ጭራሽ መጫወት አልቻልኩም። የምታውቁ ቶሎ በሉ!

የገመድ ሰው፦
ገመዱን ቀይረው። ኪቦርድን ከላፕቶፕ የሚያገናኘው ብዙውን ጊዜ የፕሪንተር ዓይነት ገመድ ነው፤ ፒያሳ ከሚገኙት የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫዎች አታጣውም።

የሸዋ በሩ፦
ላፕቶፑን አጥፍተህ አብራው።

ሰኞ ገበያ፦
ሁለት ድምፅ ካወጣ የሁለት ሰው ክፍያ ጠይቅ። ምን ያስለቅስሃል?

የድሮ ባንድ፦
ልጄ፣ ላስቀይምህ አይደለም። ወሎ ላይ ተቀምጦ ማሲንቆን ከላፕቶፕ መፈለግ ምን የሚሉት ነገር ነው? ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ ባቲና አምባሰል ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ አለፍ ብላ ያለች ከተማ ናት፤ አምባሰልም ከደሴ በስተ ሰሜን ቅርብህ ነው። አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ይዘህ ብትሄድ ገመድም፣ ሶፍትዌርም፣ ይህ ሁሉ ጭንቀትም አያስፈልግህም ነበር። በእኛ ጊዜ ሰርግ ሲባል ሙሉ ባንድ ይቆም ነበር። ዛሬ አንድ ልጅ አንድ ኪቦርድ ይዞ ይመጣና ከበሮውንም፣ ጊታሩንም፣ ማሲንቆውንም እኔው ነኝ ይላል።

ባለ ኪቦርዱ፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ግን ሰርገኞቹ የተዋዋሉት ለአንድ ሰው ክፍያ ነው። ማሲንቆ ተጫዋች ልጨምር ብላቸው ከእኔ ድርሻ ላይ ነው የሚቀነሰው። አሁን የጠየቅኩት ስለ ድምፁ ነው፤ እባክዎ።

መምህሩ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ መሠረቱን እንረዳ። ኪቦርድህን ከላፕቶፑ ጋር ያገናኘው ሚዲ የሚባለው ሥርዓት ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣ ስምምነት ሲሆን የተለያዩ አምራቾች መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዲግባቡ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ድምፅ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። ቁልፍ ስትጫን ኪቦርዱ የቁልፉን ቁጥር ይልካል፤ ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 127 ሲሆኑ መካከለኛው ሲ 60 ነው። ምን ያህል አጥብቀህ እንደተጫንክም በቁጥር ይልካል፤ ጣትህን ስታነሳ ደግሞ ማንሳትህን ይናገራል። ላፕቶፑ ይህን ትእዛዝ ተቀብሎ ማሲንቆ በል ካልከው ማሲንቆ፣ ዋሽንት በል ካልከው ዋሽንት ያሰማል። ስለዚህ የገመዱ ጥራት ድምፅህን አያሳምረውም፣ አያበላሸውምም። ይህን ሳያውቁ ሰርግ መቀበል ግን ለእኔ ድፍረት ነው።

የገመድ ሰው፦
ገመዱን ቀየርከው?

ቦርከና፦
ኢኮ ነው። ሚክሰሩ ላይ ያለውን ኢኮ ዝጋው።

የስቱዲዮዋ፦
ኢኮ አይደለም። ኢኮ ቢሆን ፒያኖው ራሱ ተደግሞ ይሰማ ነበር። እሱ የሚሰማው ግን ፒያኖ፣ ቀጥሎም ማሲንቆ ነው። ይህ ማለት ድምፅ የሚያወጡት ሁለት መሣሪያዎች ናቸው፤ ፒያኖው ከኪቦርዱ፣ ማሲንቆው ከላፕቶፑ። መምህራችን ይህን ሁሉ ተናግረው እዚህ ላይ ሳይደርሱ ቀሩ።

ወንድሜ፣ ኪቦርድህ ሜኑ ውስጥ ሎካል ኮንትሮል የሚል ፈልግና ኦፍ አድርገው። ያን ጊዜ ቁልፎቹ የኪቦርዱን የራሱን ድምፅ መቀስቀስ ይተዋሉ፤ ትእዛዙ ግን ወደ ላፕቶፑ መሄዱን ይቀጥላል። ሜኑ ውስጥ መዞር የማትፈልግ ከሆነ የኪቦርዱን ዋና ድምፅ ዜሮ አድርገው። ዋናው የድምፅ መቆጣጠሪያ ብዙውን ጊዜ ሚዲውን አይነካውም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትነግረን አለፍክ። የላፕቶፑ ድምፅ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው በምንድን ነው?

ባለ ኪቦርዱ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ፒያኖው ጠፋ! ማሲንቆው ብቻ ቀረ። ግን አሁንም ይዘገያል። ላፕቶፑ ከስፒከሩ ጋር የተገናኘው በብሉቱዝ ነው። ያለኝ የድምፅ ገመድ አንድ ስለሆነ ኪቦርዱን ከሚክሰሩ ጋር አገናኝቼበት ነበር።

ሰኞ ገበያ፦
ማሲንቆው ከደሴ ተነስቶ የኮምቦልቻን ቁልቁለት በእግሩ እየወረደ ነው፤ ታገሠው።

የስቱዲዮዋ፦
ብሉቱዝ! ይኸው ተገኘ። ብሉቱዝ ድምፁን አጭቆ፣ ልኮና ፈትቶ እስኪያሰማ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል። የተቀዳ ዘፈን ለማዳመጥ ምንም አይደለም፤ በእጅ ለሚጫወት ሰው ግን አይሆንም። የኪቦርዱ ድምፅ ከእንግዲህ ካላስፈለገህ ያንኑ የድምፅ ገመድ ከኪቦርዱ ነቅለህ ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ሚክሰሩ አስገባው። ጫፉ ካልገጠመ መቀየሪያ ያስፈልግሃል፤ ርካሽ ዕቃ ነው።

ከዚያ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ውስጥ ኦፕሽንስ፣ ቀጥሎ ኦዲዮ ሴቲንግስ ግባና ኤፍ ኤል ስቱዲዮ አሲዮ የሚለውን የድምፅ ድራይቨር ምረጥ። ባፈር የሚባለውን፣ ላፕቶፑ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት የሚያጠራቅምበትን ቁጥር አሳንስ። በ44,100 ኸርዝ ሲሠራ 2048 ከሆነ ባፈሩ ብቻውን ወደ 46 ሚሊሰከንድ ያዘገያል፤ 512 ከሆነ ወደ 12፣ 256 ከሆነ ወደ 6 ነው። ግን ስስት አያስፈልግም፤ በጣም ካሳነስከው ላፕቶፑ መድረስ ያቅተውና ድምፁ ይንጣጣል። ከ512 ጀምረህ ውረድ፤ መንጣጣት ሲጀምር አንድ ደረጃ ተመለስ። አሲዮ ፎር ኦል የሚለውን ሌላ ድራይቨር ከመረጥክ ሌሎች ፕሮግራሞች ድምፅ ሊያጡ ይችላሉ። በሌላ ማጫወቻ የተቀዳ ሙዚቃ ከበስተጀርባ ልታሰማ ካሰብክ እሱን ተወው።

የሸዋ በሩ፦
አዲስ ላፕቶፕ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ።

የስቱዲዮዋ፦
አያስፈልገውም።

የድሮ ባንድ፦
እሺ፣ መዘግየቱ ቀረ እንበል። በአንቺ ሆዬ ቅኝት ሲጫወት ምን ሊያደርግ ነው? እውነተኛ ማሲንቆ ላይ ጣት ክሩን እየዳበሰ በሁለት ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ያወጣል። ፒያኖ ላይ ግን ከሲ ተነስተህ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ትላለህ፤ ደረቅ ነው። እኔ ኪቦርዴ ላይ የቅኝት ማስተካከያ ስላለው አንዳንዱን ኖታ ዝቅ፣ አንዳንዱን ከፍ አድርጌ ነው የምጫወተው።

መምህሩ፦
ጋሼ፣ ጥሩ ነገር አነሱ። ያ ማስተካከያ የሚሠራው በኪቦርዱ በራሱ ድምፅ ላይ ነው። ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው የቁልፉ ቁጥር እንጂ የተስተካከለው ድምፅ ስላልሆነ ማስተካከያው አብሮ አይሄድም። ልጁ ማሲንቆው ባለበት ፕሮግራም ውስጥ የቅኝት ማስተካከያ መኖሩን ይመልከት። ከሌለ በግራ እጁ ፒች ቤንዱን፣ ማለትም ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን መቆጣጠሪያ፣ እየነካካ ድምፁን ያለዝበው። እሱም ቢሆን ልምምድ ይፈልጋል፤ በአንድ ማታ የሚመጣ አይደለም።

የድሮ ባንድ፦
እኔም ያልኩት እኮ ይህንኑ ነው። ሰው ይዘህ ሂድ።

ድምፅ አስተካካይ (ኮምቦልቻ)፦
አብሽር ወንድሜ፣ ከስቱዲዮዋ ምክር አትውጣ። እኔ አዳራሽ ውስጥ ደጋግሞ የሚገጥመኝን ልጨምርልህ። የላፕቶፑን ቻርጀር ስትሰካ ከስፒከሩ እምምም የሚል ድምፅ ሊመጣ ይችላል። ቻርጀሩን ንቀለው፤ ከጠፋ ችግሩ የመሬት መስመሩ ነው። ዲ አይ ቦክስ (በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል ገብቶ ይህን ድምፅ የሚያስቀር ትንሽ ሳጥን) ካገኘህ በእሱ በኩል አስገባ፤ ካላገኘህ ባትሪውን ሙሉ አድርገህ ና፣ ስትጫወት በባትሪ ተጫወት፣ በእረፍት ሰዓት ቻርጅ አድርግ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ኪቦርዱ ይዘጋል። ብዙ ኪቦርዶች ተመልሰው ሲበሩ ሎካል ኮንትሮሉን ኦን ስለሚያደርጉት ፒያኖው ሙሽሮቹ መካከል ብቅ ይልብሃል። ስለዚህ ድምፁንም ዜሮ አድርገህ ተወው። ላፕቶፑ ራሱ ቢደርቅብህ ግን ቶሎ ገመዱን ወደ ኪቦርዱ መልሰህ፣ ሎካሉን ኦን አድርገህ፣ ዜሮ ያደረግከውን ድምፅ ከፍ አድርገህ፣ በፒያኖው ቀጥል። ሙሽሮች እየገቡ ዝምታ ከመጣ ማንም ይቅር አይልህም።

ቦርከና፦
ኤፍ ኤል ስቱዲዮው የሙከራ ነው ወይስ የተገዛ? የሙከራ ከሆነ ሴቭ ማድረግ ይፈቅድልሃል፤ ያስቀመጥከውን መልሶ መክፈት ግን አይፈቅድልህም። ዛሬ ማታ ያሰናዳኸውን ቅዳሜ ልክፈት ብትል እምቢ ይልሃል። ድምፆቹን እዚያው እንደ አዲስ ማሰናዳት ሊኖርብህ ነው፤ የትኛውን ድምፅ በየትኛው ቅንብር እንደተጠቀምክ በወረቀት ጻፈው።

ሰኞ ገበያ፦
ባለ ኪቦርዱ የት ጠፋ? ሰርጉን ሸሸ?

የገመድ ሰው፦
ገመድ ሊገዛ ሄዷል። ብዬ ነበር።

የጦሳ ልጅ፦
ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ መካከል ገባሁ። የእኔ ኪቦርድ ፔዳል ግልብጥ ሆነ። ስረግጠው ድምፁ ይቆረጣል፣ ስለቀው ይረዝማል። ተበላሽቶ ነው?

የስቱዲዮዋ፦
ሳይሆን አይቀርም ኪቦርዱን ስታበራ ፔዳሉ ተረግጦ ነበር። ብዙ ኪቦርዶች የፔዳሉን ዓይነት የሚለዩት ሲበሩ ነው። አጥፋው፣ ፔዳሉ መሰካቱን አረጋግጥ፣ እግርህን አንሳና አብራው። ካልተስተካከለ ሜኑ ውስጥ የፔዳል ፖላሪቲ የሚል ፈልግ።

የሸዋ በሩ፦
ወይም አጥፍተህ አብራው። እኔ ከመጀመሪያው የምለው ይህንን አይደል?