«አንጻራዊ መብት» ማለት ሲፈልጉ የሚነጥቁት ማለት ነው?

የአራት ኪሎ ጸሐፊ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አራት ኪሎ ትንሽ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የመመረቂያ ሰሞን የሕግ ተማሪዎች ይጎርፉብኛል። ዘንድሮ አንዱ ልጅ ስለ «ፍጹም» እና «አንጻራዊ» መብቶች ጽፎ አመጣ። 70 ገጽ ጻፍኩለት። በጣቴ አለፈ እንጂ ጭንቅላቴ አልገባም።

የምጠይቀው ለወሬ አይደለም። ከቤቴ ጀርባ ያለ የጸሎት ቦታ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድምፅ ማጉያ ይከፍታል። አቤት ስል «የእምነት ነጻነት አይነካም» አሉኝ። እውነት ነው?

ሦስተኛ ዓመት፦
እህቴ፣ በምሳሌ ልንገርሽ። ሰውን ማሰቃየት ክልክል ነው። ጦርነት ቢሆን፣ ተጠርጣሪው ምንም ቢያደርግ፣ «ግን» የለውም። ይሄ ፍጹም ነው። ሰላማዊ ሰልፍ ግን አንጻራዊ ነው፤ ቦታውንና መንገዱን በሥርዓት መወሰን ይቻላል፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 30 እዪ። ፍጹሞቹን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ ዘርዝሯቸዋል። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንኳ አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና 39 (1) እና (2) አይነኩም።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
ልጄ፣ ጥሩ ጀምረህ መጨረሻው ላይ ሳትክ። አንቀጽ 1 እኮ የአገሪቱ ስያሜ ነው! እሱ የማን መብት ሆኖ ነው? በአስቸኳይ ጊዜ አይታገድም ማለትና ፍጹም ነው ማለት ለየቅል ናቸው። በሕይወት የመኖርን መብት ውሰድ። አገሮች የፈረሙት ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በምንም አዋጅ አይታገድም ይላል። ግን የሚከለክለው በዘፈቀደ መግደልን ነው። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 15 በሕግ ለተደነገገ ከባድ ወንጀል የሞት ቅጣትን በር ክፍት ትቷል።

አንቺም ልጄ፣ ስለ እምነት ነጻነት የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 27 ለሁለት ክፈዪው። በልብ ማመንን ማንም በግድ አያስቀይርም። እምነትን መግለጽ ግን፣ ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ፣ ለሕዝብ ሰላም፣ ለጤና፣ ለሌሎች መብት ሲባል በሕግ ሊገደብ ይችላል። ድምፅ ማጉያው ያለው ልብ ውስጥ አይደለም፣ መስኮትሽ ላይ ነው።

ይሁንና አንጻራዊ የተባለውን ሹም ደስ ሲለው አይነጥቀውም። ሕግ ያስፈልገዋል። በቂ ምክንያት ያስፈልገዋል። ልኩን ማለፍም የለበትም። ድምፁ ይቀነስ ማለት አንድ ነገር ነው፣ ቦታው ይታሸግ ማለት ሌላ።

ሦስተኛ ዓመት፦
ጋሼ፣ ባለፈው ፈተና ላይ እኮ እንደዛው ነው የጻፍኩት። አለቀልኝ።

የአራት ኪሎ ጸሐፊ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ድምፁ እንዲቀነስ ብቻ ብዬ ማመልከቻዬን እንደገና እጽፋለሁ፤ መጻፉ እንደሆነ ሥራዬ ነው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ያ 70 ገጽ ያስጻፈኝ ልጅ ሒሳቤን አልከፈለኝም። ማሳሰር ይቻላል?

ጡረተኛው ጠበቃ፦
ኧረ በፍጹም! የውል ዕዳ መክፈል ስላቃተው ብቻ ሰው አይታሰርም። የዚያው ቃል ኪዳን አንቀጽ 11 ነው፤ እሱም በአዋጅ አይታገድም።

የአራት ኪሎ ጸሐፊ፦
ይሁን። ሳይከፍል ግን ፕሪንት አላደርግለትም።