ከዋልታው በረዶ ሥር ከተማ አለ? በግ ተወራርጄ ጭንቅ ላይ ነኝ

ስክሪን ጠጋኙ (ደብረ ሲና)፦

ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ሲና ላይ ሞባይል እጠግናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ሱቅ ዘው አለና፣ እኔ የሰው ስክሪን በሙጫ ይዤ ትንፋሼን ውጬ ባለሁበት ሰዓት፣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «እየው! እየው!» ይላል።

አየሁት። ነጭ በረዶ መሀል ፒራሚድ የመሰለ ተራራ ቆሟል። ከዚያ ቀይ ቀስት፣ ከዚያ የሚያስፈራ ሙዚቃ፣ ከዚያ «ከአንታርክቲካ በረዶ ሥር ኤሊየኖች የሠሩት ከተማ ተገኘ፤ መንግሥታት ደብቀውታል» የሚል ወፍራም ድምፅ። ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም። እልህ ተጋባን፣ አንዱ ባለ ባጃጅ ምስክር ሆነ፣ በፋሲካ የመንዝ በግ ተወራረድን። የተሸነፈ ይገዛል። የዘንድሮን የበግ ዋጋ ለእናንተ አልነግርም።

ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን ፈራሁ። ፒራሚዱ በእውነት ፒራሚድ ነው የሚመስለው። እዚያው በረዶው ውስጥ የተቀበረ ቮስቶክ የሚባል ሐይቅ ሥር ደግሞ ትልቅ የማግኔት ነገር ተገኝቷል ይላሉ፣ እሱን ፈልጌ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ለመሆኑ ሰው ወደዚያ እንዳይሄድ የተከለከለው ለምንድነው? የምታውቁ እርዱኝ። «ዝም በለው፣ ውሸት ነው» ብቻ አይበቃኝም። የአክስቴን ልጅ አታውቁትም።

እውነት ፈላጊ፦

ብሮ በጉን አዘጋጅ። አሜሪካ በ1946 እ.ኤ.አ. በአድሚራል ባይርድ መሪነት 13 መርከብና 4,700 ሰው ወደ አንታርክቲካ ልካለች። ፔንግዊን ሊወጉ ነው? በ1959 ደግሞ 12 አገሮች ተሰብስበው የአንታርክቲካን ውል ፈረሙ። አሜሪካና ሶቪየት በዚያ ዘመን በምን ተስማምተው ያውቃሉ? አስብ።

ጉድጓድ ቆፋሪው (ደብረ ብርሃን)፦

ልጄ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ሠርቻለሁ። ስለ ኤሊየን አላውቅም። ከመሬት ሥር ስላለ ነገር ሰው እንዴት እንደሚያወራ ግን አውቃለሁ። ታሪኩ ረዘም ይላል፤ ስክሪኑን አስቀምጠህ አንብብ።

አንድ ጊዜ መንዝ ውስጥ ልንቆፍር ሄድን። ከእኛ በፊት የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች አጥንተውታል። መሬት ውስጥ ኤሌክትሪክ ይለቁና እንዴት እንደሚያልፍ ይለካሉ። ወረቀቱ ላይ ከ60 ሜትር በታች መስመሩ ድንገት ቁልቁል ይወርዳል። ለእኛ ይህ ማለት «ከጥቁሩ ድንጋይ፣ ከባዛልቱ የተለየ ነገር አለ፣ ምናልባት ውሃ» ማለት ነው። ወሬው መንደር ሲገባ ግን ሌላ መልክ ያዘ። ማታ «ባዶ ቤት ታየ» ተባለ። ጠዋት «ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ግራኝ ሲመጣ አባቶች የቀበሩት» ሆነ። በሦስተኛው ቀን የወርቅ ከበሮ ተጨመረበት። ልጅ ሆኜ አያቴም እንዲሁ ነበረች። ከቤታችን በታች ለቆመው ድንጋይ ሁሉ ባለቤቱ ግራኝ ነው። ማን እንዳቆመው ካልታወቀ ግራኝ አቆመው።

ቆፈርን። ኮምፕሬሰሩ ከጉድጓዱ የሚያወጣው ዱቄት ለሁለት ቀን ግራጫ ነበር። 64 ሜትር ስንደርስ ቀላ። በርበሬ በለው። ሴቶች እልል አሉ። እኔም አልዋሽህም፣ ልቤ ደንገጥ አለ። አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው አፈሱት፣ በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። «ይሄማ የምጣድ አፈር ነው» አሉና ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ልክ ነበሩ። ጥንት አንዱ ላቫ ፈስሶ ቀዝቅዞ፣ በላዩ አፈር ተሠርቶ፣ ከዚያ ሌላው ላቫ መጥቶ አፈሩን ከላይ ጠብሶታል። እሳቸው ምጣድ ሊሠሩበት ያሰቡት አፈር አንዴ የተጋገረ ነበር። ውሃም አልሰጠን። ደረቅ ጉድጓድ። ያ ቀይ አፈር በድልህ ቆርቆሮ ሆኖ እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ አለ።

አሁን ወደ ቮስቶክህ። በ2001 እ.ኤ.አ. ገደማ ተመራማሪዎች በአውሮፕላን እየዞሩ ሲለኩ፣ በሐይቁ ምሥራቅ ጠርዝ በኩል የማግኔት መጠኑ ከፍ ብሎ አገኙት። እውነት ነው። ቦታው ግን ከመቶ ኪሎ ሜትር የማይተናነስ ርዝመት አለው። ከደብረ ብርሃን ተነስተህ ለገጣፎ ልትደርስ ምንም አይቀርህ። ይህን የሚያህል ብረት ማን ቀበረ? እነሱ የገመቱት የምድር ቅርፊት እዚያ ጋ ሳስቶ ይሆናል የሚል ነው። ድንጋይ በራሱ ማግኔት አለው፤ የእኛው ባዛልት ኮምፓስ ያሳስታል። የመስመር መታጠፍ የመስመር መታጠፍ ነው። ከበሮውን የምንጨምረው እኛ ነን።

ሌላም ልንገርህ፣ ይሄ ከሙያዬ ስለሆነ ደስ ይለኛል። ሩሲያውያን እዚያ ሐይቅ ላይ ለመድረስ ስንት ዓመት ቆፈሩ መሰለህ? በረዶ እንደ ባዛልት አይደለም። ሲጫኑት ይፈሳል። ጉድጓዱን ባዶ ከተውከው ቀስ በቀስ ይጠብና መሣሪያህን ውጦ ይቀራል። ስለዚህ ነጭ ጋዝና ፍሬዮን የሚባል ኬሚካል ሞሉበት። ኬዚንግ (ጉድጓድ እንዳይደረመስ የምናስገባው ቧንቧ) በለው፣ በፈሳሽ የተሠራ ኬዚንግ። በ2012 እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ ወር 3,769 ሜትር ላይ ውሃውን ነኩት። ውሃው በግፊት ሽቅብ ወጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ በረዶ ሆነ። ሜትሩን ሳነበው ለአንድ ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኛ በሕይወታችን ጥልቅ ያልነው 300 ሜትር ነው።

መምህርቷ (መሐል ሜዳ)፦

የጋሼ መልስ ይበቃ ነበር፤ ስለ ፒራሚዱ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ተማሪዎቼም ይዘውት መጥተዋል።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያ ተራራ ከበረዶ ሥር አይደለም። ከላይ ነው። ኤልስዎርዝ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ውስጥ ያለ 1,265 ሜትር ከፍታ ያለው ጫፍ ነው። ለምን አራት ፊት እንዳለው ለማወቅ መሐል ሜዳ አንድ ሌሊት እደር። በኅዳር ውርጭ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ውጭ ረስቼ አደርኩ። ጠዋት ሆዱ ተነፍቶ ጎኑ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል። ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃም ያንኑ ያደርጋል። ይረጋል፣ ይቀልጣል፣ ደግሞ ይረጋል፤ ድንጋዩን ከየጎኑ እየፈለጠ ያረግፈዋል። በረዶው ከሁሉም ጎን ሲበላው የሚቀረው የሾለ ጫፍ ነው። የስዊሱ ማተርሆርን ተራራም እንዲሁ ነው የተሾለው፤ ለእሱ ግን ማንም ኤሊየን አልጠራለትም። ጣርማበር ገደል ላይ እንደ ተጠረበ ምሰሶ የቆመውን ባዛልት ያየ ሰው፣ ተፈጥሮ ቀጥ ያለ መስመር አታውቅም አይልም።

ስለ ውሉ ደግሞ፣ አንብቡት። ረጅም አይደለም። ወታደራዊ ሥራና የኒውክሌር ፍንዳታ ይከለክላል። ከፈራሚዎቹ አንዱ የሌላውን ጣቢያ በፈለገው ጊዜ ገብቶ እንዲያይም ይፈቅዳል። ዕቃ የደበቀ ሰው ለጎረቤቱ ቁልፍ አይሰጥም። ቱሪስትም ይሄዳል፤ በ2022/23 ወቅት ብቻ ከ100,000 በላይ ሰው ሄዷል። ገንዘቡ ነው የከለከለን እንጂ ሕጉ አይደለም። የባይርድ መርከቦችም ወታደር በብርድ ለማለማመድ ነው የሄዱት፤ 70,000 ያህል የአየር ፎቶ አንስተው ተመለሱ።

እውነት ፈላጊ፦

ፋዘርም እህቴም በክብር። አንድ ነገር ግን ዘላችሁ። ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ የበረዶውን ሥር የሚያየው ራዳር ሁሉንም አላየም። አውሮፕላኑ በመስመር ነው የሚበረው፣ በመስመርና በመስመር መካከል ብዙ ኪሎ ሜትር ያልታየ ቦታ አለ። ይሄን ካዳችሁ አላምናችሁም።

ጉድጓድ ቆፋሪው፦

አልክድም። ጥሩ ነጥብ ነው፣ እስካሁን ካነሳኸው ሁሉ ይሻላል። ክፍተት አለ። በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው አዲሱ ካርታ ላይ እንኳ ከመለካት ይልቅ በስሌት የተሞላ ቦታ ሞልቷል። ግን በረዶው ሥር ምን እየተገኘ እንደሆነ እየው። ጋምቡርትሴቭ የሚባል የተራራ ሰንሰለት በ1958 ሶቪየቶች አገኙት። አንድም ጫፉ ከላይ አይታይም፣ ሙሉውን በረዶ ውጦታል። ይሄንን ማንም አልደበቀም። መጽሐፍ ላይ አለ።

እውነተኛ የበረዶ ሥር ከተማ ከፈለግህ ደግሞ አለልህ። አንታርክቲካ አይደለም፣ ግሪንላንድ ነው። ካምፕ ሴንቸሪ ይባላል። የአሜሪካ ጦር በ1959 በረዶ ውስጥ ዋሻ ቆፍሮ መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ አነስተኛ የኒውክሌር ማመንጫ ሳይቀር አስገባበት። ላይ ላዩን ለምርምር ነው አሉ፤ በውስጡ ሚሳኤል ለመደበቅ አስበው ነበር። እዚህ ላይ መንግሥት ይደብቃል ማለትህ ልክ ነው! ግን በረዶው እምቢ አለ። ግድግዳው መጥበብ፣ ጣሪያው መጉበጥ ጀመረ። በ1967 ጥለውት ወጡ። ስምንት ዓመት አልሞላም። በ2024 አንድ የናሳ አውሮፕላን ሌላ ነገር ሲለካ 30 ሜትር ከበረዶ በታች ቅሪቱን በራዳር አየው። ሳይፈልጉት።

እስቲ አስላ። የአንታርክቲካ በረዶ መጋገር የጀመረው ከ34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ድንቅነሽ፣ እዚህ ከእኛ በታች አፋር የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው ዕድሜዋ። ከበረዶው በፊት የተሠራ ከሆነ ሰው አልነበረም። በረዶው ውስጥ ተሠርቶ ከሆነ ደግሞ በረዶው ስምንት ዓመት አያስቀምጥም። ኤሊየኖቹ መጥተዋል ካልክ፣ ያንን ሁሉ ሰማይ አቋርጠው መጥተው ለምን በጣም ክፉውን መሬት መረጡ? ከቮስቶክ ሐይቅ በላይ ባለው የምርምር ጣቢያ በ1983 እ.ኤ.አ. ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ተለክቷል። እኔ ደብረ ብርሃን ሌሊት ለሽንት መውጣት እሰንፋለሁ።

መምህርቷ፦

አንድ ብቻ ልጨምር ጋሼ። እዚያ እውነት የተገኘውን ሰው አያወራለትም። በ1912 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው አሳሽ ስኮትና ጓዶቹ ከደቡብ ዋልታ ሲመለሱ፣ እየተራቡና እየቀዘቀዙ፣ 16 ኪሎ ድንጋይ በሸርተቴ እየጎተቱ ነበር። ሞተው ሲገኙ ድንጋዩ አብሯቸው ነበር። ድንጋዩ ላይ የቅጠል ቅርጽ አለ። ግሎሶፕተሪስ ይባላል፣ ጥንት የጠፋ ዛፍ ነው። ያው ቅጠል በአፍሪካም በሕንድም ተገኝቷል፤ አንድ ምድር ስለነበርን። ይሄን ለስምንተኛ ክፍል ሳስተምር አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ለምን አልጣሉትም?» አለኝ። እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።

ስክሪን ጠጋኙ፦

ጋሼ፣ እህቴ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጽሑፋችሁን ለአክስቴ ልጅ አነበብኩለት። ስለ ቀዩ አፈር ስደርስ ሳቀ። ስለ ካምፕ ሴንቸሪ ስደርስ «አየህ! ከበረዶ ሥር ከተማ አለ!» ብሎ ዘሎ ተነሳ። ግሪንላንድ ነው፣ ሰው ነው የሠራው ስለው «ውርርዱ ላይ የቱ ዋልታ እንደሆነ አልተባለም» አለኝ። ባለ ባጃጁን ምስክር ጠራነው። እሱ ደግሞ ስትወራረዱ ስልክ ላይ ነበርኩ፣ አልሰማሁም አለ።

ጉድጓድ ቆፋሪው፦

በጉን ግማሽ ግማሽ ግዙ። ቆዳውን ለእኔ ላኩልኝ፣ እዚህ ብርድ ነው።