«ጥገና ቅንጦት ነው» ስለተባለው የቀበሌ መንገድ

ደጋዳሞት፦ አንድ የወረዳ መንገድ ኃላፊ በሬዲዮ ቀርበው «ቀበሌዎቻችን በሙሉ ከመንገድ ጋር ተገናኝተዋል» አሉ። በጣም ነው የተናደድኩት። የገጠር ቀበሌዎችን ከመንገድ ጋር ለማገናኘት የታሰበው ዩራፕ የተባለው ፕሮግራም በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ቃል የተገባልን ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ነበር። ከተሠራው ውስጥ በነሐሴ አይሱዙ የሚያልፍበት ስንቱ ነው? የመንገድ ፈንድ ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ ከነዳጅ እየሰበሰበ ነው፤ እስከ ቀበሌ መንገድ የሚወርደው ግን ከስንት አንድ ነው። እኔ የምለው አዲስ ኪሎ ሜትር መቁጠሩን ለሦስት ዓመት አቁመን ያለውን እንጠግን ነው።

የላስታው፦ ይህን የሚለው መንገድ ያለው ሰው ብቻ ነው ወንድሜ። ላስታና ዋግ ዛሬም ወላድ በቃሬዛ የምትወርድባቸው ቀበሌዎች አሉ። መንገድ ለሌለው ጥገና ቅንጦት ነው! ተመራማሪዎቹ እነ ስቴፋን ደርኮን 15 የኢትዮጵያ ገጠር መንደሮችን ተከታትለው በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡትን አንብብ። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ያገኘ መንደር ድህነቱ በ6.9 የመቶኛ ነጥብ ቀንሷል፣ የፍጆታ ዕድገቱ በ16.3 ከመቶ ጨምሯል። ይሄ ለሦስት ዓመት ይቅርባችሁ ነው የምትለን?

ገረጋንቲ፦ ጥናቱ የለካው ክረምት ከበጋ የሚያስኬደውን መንገድ ነው እኮ። ሰኔ ላይ የሚዘጋ መንገድ ያንን ውጤት አያመጣልህም። «ቅንጦት» ያልከውን ደግሞ እናስላው። ስፋቱ 4 ሜትር ተኩል፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ (መንገድ ላይ የሚነጠፍ ጠጠራማ አፈር) ለአንድ ኪሎ ሜትር 675 ሜትር ኩብ ነው። ሳይጠቀጠቅ ሲጫን 880 ገደማ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 55 ምልልስ ማለት ነው። ካልተጠገነ ዝናብና ጎማ በዓመት 2፣ 3 ሳንቲ ሜትር እየላጡ ይወስዱታል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ጎማው አፈር ላይ ያርፋል። ያኔ የሚጠገን ነገር የለም፣ 55ቱን ምልልስ እንደ አዲስ ትከፍላለህ። ለላስታ አዲስ መንገድ ሊሆን የሚችለውን ገንዘብ የሚበላው ይሄ ነው።

የላስታው፦ ስሌትህ መኪና ለሚርመሰመስበት መንገድ ይሠራ ይሆናል። በቀን አምስት መኪና የማያልፍበትን የቀበሌ መንገድ ምን ይልጠዋል?

ገረጋንቲ፦ ውሃ ነዋ! የመንገዱ መሀል ከጠርዙ ከፍ ማለት አለበት። በ6 ከመቶ ብትይዘው ከመሀል እስከ ጠርዝ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅታ ይሰጥሃል። ያ ከፍታ ጠፍቶ የጎማ ዱካ ሲገባ ውሃው ወደ ቦይ መውረዱን ትቶ በመንገዱ ላይ ይጋልባል። አንድ ክረምት ይበቃዋል። ቦዩም ብቻውን አያድንህም። 10 ከመቶ ዳገት ላይ በየ4 እና 5 ሜትሩ የውሃውን ፍጥነት የሚቀንስ የድንጋይ ማብረጃ ካልተሠራበት ራሱ ገደል ይሆናል። ለዚህ ሥራ አካፋ፣ ዶማና የእጅ ጋሪ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ሰው 2 ኪሎ ሜትር ተሰጥቶት ቦይ ቢጠርግና ዱካ ቢደፍን ግሬደር የምትጠራበት ቀን ይርቅልሃል። ይሄን ነው እንግዲህ ቅንጦት ያልከው።

እልፍ፦ ሁለታችሁም ገበሬውን ረስታችሁታል። ከመንገዱ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው ቱቦ የሚደፈነው በደለል ብቻ ይመስላችኋል? አፉ ላይ ድንጋይና እሾህ ተጎስጉሶበት የሚገኘው ብዙ ነው፤ የሚጎሰጉሰውም ከታች ያለው ባለማሳ ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። መንገዱ ከተራራው የሰበሰበውን ጎርፍ በአንድ ቀዳዳ ጤፉ ላይ ስትለቁበት በሁለት ክረምት ማሳው ለሁለት ይሰነጠቃል። ከቱቦው መውጫ ሥር የድንጋይ ንጣፍ ይሠራ፣ ውሃው በተነጠፈ ቦይ እስከ ተፈጥሮ መውረጃው ይሸኝ፣ ወይም ገረጋንቲ የወጣበት ጉድጓድ ውስጥ ይግባ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተሳተፉበት ሥራ ትግራይ ውስጥ የመንገድ ጎርፍ ወደ ኩሬና ወደ ማሳ ተመርቶ የከርሰ ምድር ውሃ እንዲያጠግብ ተደርጓል። እባካችሁ የ60 ሳንቲ ሜትር ቱቦም ይቅር። ደለል ሲሞላው ሰው ገብቶ አይጠርገውም፤ ቢያንስ 90 ይሁን።

ደጋዳሞት፦ እልፍ፣ 90 የሚቀብሩበት ከፍታ ከየት ይመጣል? ሜዳ ላይ ከቱቦው በላይ አፈር ካልተደረበበት አንድ የተጫነ መኪና ይሰብረዋል።

እልፍ፦ ከቱቦው ግራና ቀኝ ያለውን መንገድ ረዘም አድርጎ ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ነዋ። ያ ካልተቻለ ቱቦውን ተወውና ውሃ በላዩ የሚሄድበት የኮንክሪት መሻገሪያ ሥራ። ጎርፍ ሲመጣ ለሰዓታት ይዘጋል፣ ሲጎድል ይከፈታል። በቱቦው ዙሪያ ያለው ሙሌት ከተጠረገ ግን ለወራት ነው የምትቆመው።

ዋልካምድር፦ ስለ ገደልና ዳገት አታውሩን፣ የእኛ ጠላት ዋልካው፣ ጥቁሩ ጭቃ አፈር ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ፣ በክረምት የማይለቅ ጭቃ። ገረጋንቲውን በቀጥታ ዋልካ ላይ ብትደፋው ወደ ታች ይሰምጣል፤ በሁለተኛው ዓመት ያለቀ ይመስልሃል እንጂ ሥር ነው ያለው። መጀመሪያ ከሌላ ቦታ በመጣ አፈር ከፍ መደረግ አለበት። ቦዩም ከግርጌው ራቅ ይበል፤ ተጠግቶ ከተቆፈረ የቆመው ውሃ ሥሩን አርሶ ጠርዙን ይሰነጥቀዋል። ሰው «መንገድ ለምርት» ሲል ደግሞ ወቅቱን አያይም። የጎጃሙ የቆጋ መስኖ ሽንኩርት የሚነሳው በደረቅ ጊዜ ነው፤ የእኛ ጭንቅ ማዳበሪያው ዘግይቶ መጥቶ ዝናቡ ሲቀድመው ነው። በጋ ብቻ የሚያስኬድ መንገድ እህል ያወጣል እንጂ ዳፕና ዩሪያ አያስገባም።

የላስታው፦ እናንተ ቢያንስ የምታስገቡበት አላችሁ።

ዋልካምድር፦ እናንተም ሴፍቲኔት፣ ምግብ ለሚያጥረው ወረዳ የተዘረጋው ፕሮግራም፣ አላችሁ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ መንገድ የሚያወጣ፣ ቦይ የሚጠርግ ጉልበት በፕሮግራሙ ታቅፎ እየተከፈለው ይሠራል። ትርፍ አምራች የተባለ ወረዳ ያ የለውም፣ ሁሉ በነጻ ጉልበት ነው። ታዲያ በሴፍቲኔት ያወጣችሁት መንገድ የት ደረሰ?

የላስታው፦ ይሄ ነውር ነው ወንድሜ። ሴፍቲኔት የረሃብ መከላከያ እንጂ ስጦታ አይደለም።

ገረጋንቲ፦ ነውሩን ትተን ጥያቄውን እንመልስ። የሴፍቲኔት የማኅበረሰብ ሥራ ከጥር እስከ ሰኔ ነው፣ አፈሩ አመድ በሆነበት። ያለ ውሃ የተጠቀጠቀ አፈር በመጀመሪያው ዝናብ ይቀመጣል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ አፈሩን በእጅህ ጨብጠው። ከፈረሰ ደርቋል፣ እጅህን ካረጠበው በዝቶበታል፣ ድብልብል ሆኖ ከያዘና ስትጫነው ለሁለት ከተሰበረ ልክ ነው። ከዚያ 20 ሳንቲ ሜትር አንጥፎ ወደ 15 እስኪወርድ መጠቅጠቅ። ለቦቴ ውሃ በጀት ሳይያዝ ሰዉን በዶማ ብቻ ማሰማራት ድካሙን ሜዳ ላይ መጣል ነው።

ደጋዳሞት፦ ስለዚህ አስታራቂ ሐሳብ ላቅርብ። ሙሉ መስመር ገረጋንቲ ማልበሱ ይቅርና የሚቆርጠው ቦታ ብቻ ይሠራ። 12 ኪሎ ሜትር ላይ መኪና የሚያቆመው አንድ ወንዝ፣ ሁለት የዋልካ ቁራጭና አንድ ዳገት ሊሆን ይችላል። ወንዙ ላይ መሻገሪያ፣ ዳገቱ ላይ የድንጋይ ንጣፍ። የተረፈው ገንዘብ ወደ ላስታ ይሂድ።

የላስታው፦ አሁን ወደ መስመር መጣህ። ግን «የተረፈው» አትበለኝ። ተረፈ ተብሎ የሚደርሰን ነገር ደርሶን አያውቅም። ቀድሞ በበጀት ይለይ፣ ከዚያ ጥገናችሁን ጠግኑ።

ገረጋንቲ፦ የጥገናውስ በጀት ቀድሞ የማይለየው ለምንድነው? ለአዲስ መንገድ ብር ስትጠይቅ በዚያው ወረቀት ላይ የአምስት ዓመት ጥገናውን ካላስገባህ የላስታው መንገድም 55 ምልልሱን እየጠበቀ ነው።

የላስታው፦ መጀመሪያ መንገዱ ይኑረን፣ ምልልሱን ያኔ እንቆጥራለን።

እልፍ፦ ስለ ቱቦው መውጫ ግን አንዳችሁም አልመለሳችሁልኝም። ለተሸነተረው ማሳ ካሳ የሚከፍለው ማን ነው፣ ወረዳው ወይስ ተቋራጩ?