አስቸኳይ! ሲቲ ስካኑ ተበላሽቷል፤ ሐዋሳ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት) የሚወጋበት አልትራሳውንድ የት አለ?

የታቦር ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። እናቴ ጉበቷ ላይ ሲስት (ውሃ የቋጠረ ከረጢት) ተገኘ፣ 7 ሳንቲ ነው፣ ሃይዳቲድ የሚባለው የትል ሲስት ሊሆን ይችላል አሉን። ሲቲ በኮንትራስት ትነሣ ተባለ፤ ማሽኑ ከትናንት ጀምሮ ቆሟል። ኩላሊቷም ደከም ስላለ መድኃኒቱን ፈርተናል። አንድ ሰው ኮንትራስት የሚወጋበት አልትራሳውንድ አለ አለኝ። የት ነው? ነገ ጠዋት ይዣት መውጣት አለብኝ። በእናታችሁ!

ሳቂታው፦ እዚህ አገር ከበሽተኛው ቀድሞ ሪፈር የሚጻፍለት ማሽኑ ነው።

ኪያ፦ አልቤንዳዞል፣ የትሉን ኪኒን፣ ትውሰድ። አጎቴ በሱ ነው የዳነው።

ጋሽ መምህር፦ ልጆቼ፣ ነገሩ ከውሻ ነው። በግ ስናርድ ውሃ የቋጠረውን ጉበት ለውሻ እንወረውራለን። ትሉ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ በእጅና በጎመን አድርጎ ሰው ሆድ ይገባል። ቅበሩት ስንል ማን ሰማ!

አቶቴ፦ ኮሶ ሞክራለች?

የአልትራሳውንድ ክፍል ሠራተኛ፦ ኮሶ ለአንጀት ትል ነው፤ ይሄ ጉበት ውስጥ ነው፣ ተዉ እንጂ። እህቴ፣ የሚወጋው ጥቃቅን የጋዝ አረፋ ነው። በክንድ ደም ስር ይገባል፣ ጋዙ በትንፋሽ ይወጣል። ለኩላሊት አያሰጋም። የጥገኛው ሲስት ውስጡ ደም ስለማይዞርበት ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። መግል የቋጠረ ከሆነ ግን ጠርዙ ቦግ ይላል። ችግሩ፣ ማሽኑ ኮንትራስት ሞድ ሊኖረው ይገባል፤ መድኃኒቱም፣ ለምሳሌ ሶኖቩ፣ መኖር አለበት። ደውለሽ ሁለቱንም ጠይቂ። «አልትራሳውንድ አላችሁ?» ካልሽማ ሁሉም አዎ ነው የሚልሽ።

ዶክ ነኝ፦ ቆይ፣ ለምን አስፈለገ? የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ወረቀት ምን ይላል? ትኩሳትስ አላት?

የታቦር ልጅ፦ ትኩሳት የላትም። ወረቀቱ «መልቲፕል ዶተር ሲስትስ፣ ሲኢ 2» ይላል። ስላልገባኝ አጣጥፌ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ዶክ ነኝ፦ ይሄን መጀመሪያ ብትጽፊው ኖሮ! ትልቁ ሲስት ውስጥ ትንንሾቹ የማር እንጀራ መስለው ተደርድረዋል ማለት ነው። ይሄ መልክ በተራው አልትራሳውንድ ይለያል። በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ይሄ የትል ሲስት ከሲኢ 1 እስከ ሲኢ 5 አለ፤ 2 ማለት ጥገኛው ገና ሕያው ነው። የሚወጋው የጋዝ አረፋ ይበልጥ የሚጠቅመው ሲስቱ ደርቆ ዕጢ ሲመስል ነው። ሐኪሙን «ሲቲው በሽታውን ለመለየት ነው ወይስ ለኦፕራሲዮን?» በይው። ማንም ደግሞ ያለ በቂ ዝግጅት በመርፌ ልቅዳው ቢል እሺ እንዳትዪ። ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ የሚነሣው አለርጂ ሊገድል ይችላል።

ኪያ፦ አልቤንዳዞል አልኩ እኮ።

ዶክ ነኝ፦ ሲኢ 2 በኪኒን ብቻ እምብዛም አይበገርም፣ ኪያዬ። አጎትህ ሌላ ዓይነት ይዞት ይሆናል።

ሚሚ፦ እህት፣ እንዴት ሆናችሁ? አባቴንም እንደዚሁ ብለውታል።

ጋሽ መምህር፦ ውሻ አላችሁ?