ስልጣኔ ማለት ግን ምንድነው? አሳይመንቱ ላይ ተጣብቄያለሁ እርዱኝ

ሰላም ጓዶች፣ ከጅማ ነኝ፣ ፍሬሽማን፣ የሂስትሪ አሳይመንት ሰኞ ነው ማስረክበው ትናንት ማታ ደሞ መብራት ጠፍቶ ምንም አልሰራሁም። ሃንድአውቱ ሚለው ሰው በፊት እያደነና ፍራፍሬ እየለቀመ ነበር ሚኖረው፣ ከ11,000 ዓመት ገደማ በፊት እህልና ከብት ማላመድ ጀመረ፣ ከዛ ትርፍ ምርት መጣ፣ ከዛ ከተማ፣ ቤተ መቅደስ፣ ንጉስ፣ ጽሕፈት። እሺ እስከዚህ ገብቶኛል። ግን ቱርክ ያለው ጎቤክሊ ቴፔ ሚባለው ትላልቅ የድንጋይ ምሰሶዎች ያሉበት ጥንታዊ ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት 9500 አካባቢ (ከዛሬ 11,500 ዓመት ገደማ በፊት) ነው መሰራት የጀመረው፣ የሰሩት ደሞ እያደኑና የዱር እህል እየለቀሙ ሚኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ታዲያ ትርፍ ምርት ሳይኖር ያን ብዙ ቶን ሚመዝን ድንጋይ ጠርበው ሲያቆሙ ማን ነው ሲያበላቸው የነበረው? ቅደም ተከተሉ ተገለበጠብኝ በቃ።

ሌላው ደሞ ያለ ጽሕፈት ስልጣኔ የለም ይላል፣ የደቡብ አሜሪካዎቹ ኢንካዎች እኮ ያን ሁሉ ግዛት ሲያስተዳድሩ ቆጠራውን በክር ቋጠሮ ነው ሚይዙት፣ አልሰለጠኑም ብዬ ልጻፍ? (እንሰትም እዚሁ ሀገራችን ነው የተላመደው፣ ሃንድአውቱ ግን ከስንዴና ገብስ ውጪ አያውቅም፣ አናደደኝ።) መምህሩን ልጠይቀው ብል ያለውን ጻፊ ነው ሚለኝ። ሃንድአውቱን ተከትዬ ልጻፍ ወይስ ይሄን ላንሳው? ካነሳሁትስ እንዴት ነው ማስረዳው? የገባው ሰው በናታችሁ